እንዝርት የሚሾርበት ጭን

ታኅሣሥ ፬ ቀን፣ ዘመነ ሉቃስ። ደብረ ታቦር።

ዛሬም ሥራ ፍለጋ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባሌ በመስቀል ማግስት እንደ ዘመተ ወሬው ጠፍቷል፤ ሆዴ በገፋ ቁጥር ጎተራው ይጎድላል። የባላምባራሱ ሚስት ፈታይ ትፈልጋለች ቢሉኝ ነጠላዬን ሆዴ ላይ ደራርቤ ሄድኩ።

ፊት ለፊት አንቱ ያልኳትን ሴትዮ እዚህ ስጽፍ እሷ ብላት ማን ይሰማኛል። ለማሳያ ይዤ የሄድኩትን ፈትል በጣቷ ዳሰሰችና፣ “እጅሽስ መልካም ነው” አለች። ቀጥላ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ፣ “ይህ ሆድ ጭንሽን ሸፍኖት እንዝርቱን የት ልታሾሪው ነው?” አለችኝ። ገረዶቿ ሳቁ።

ማሳ ሳርም፣ ውኃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ፣ እርጉዝ ነሽና ተይ ያለኝ የለም። ቁጭ ብለው ለሚሠሩት ሥራ ሲሆን ነው ሆዴ የሚታያቸው።

ልወጣ ስል መልሳ ጠራችኝ። “ስትወልጂ ግን ነይ። ምራቴም በዚያው ሰሞን ናት፤ ልጇን የምታጠባልን ሴት እንፈልጋለን።”

“የኔን ልጅስ ማን ያጠባልኛል፣ እመቤቴ?” አልኳት።

“እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ” አለች።

እሺ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሺ ማለቴ ነው።