የባርናባስ ምድጃ ግድግዳ

ኅዳር 9
ውሃ ዛሬም አልመጣም። የሰባተኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ስማቸውን እንኳ አሟልተው አልጻፉም። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በወንድሜ በባርናባስ አዲስ ቤት በኩል አለፍኩ። ሊጨርስ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ምድጃ አሠርቷል... ግድግዳ ውስጥ የገባ፣ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ፈረንጅ እግሩን ዘርግቶ የሚሞቅበት ዓይነት። ቱሪስት ይዞ የስሜንን ተራራ ሲወጣና ሲወርድ በየሎጁ ያየው ነው። እሺ፣ ምድጃውስ ይሁን፤ ደባርቅ ብርድ ነው። ግን ጭንቀታቸው ምድጃው አይደለም። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ነው። «ባዶ ነው» ይላሉ፣ እሱም ሚስቱም። ዲዛይን ይፈልጋል። ግድግዳ ባዶ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል?

ለአባባ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መሪጌታ ተክለ ማርያም ዕድሜ ልካቸውን ዜማ አስተምረው፣ አሁን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከተማውን የሚያዩት በእኔ ነው። አሳምሬ ነው የማሳያቸው።

ኅዳር 14
የባርናባስ ሚስት ሶልያና አስጠራችኝ። «እስኩዬ፣ አንቺ ጥሩ ዓይን አለሽ፣ እስቲ ሐሳብ ስጪን።» ሐሳብ! መልሴን ሳትጠብቅ ስልኳን አውጥታ ሥዕል ታሳየኝ ጀመር። አንዱ ግድግዳ ጥቁር እብነ በረድ፣ አንዱ ነጭ ጡብ፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ደግሞ መስታወት። መስታወት ለምን? እሳቱ ራሱን አይቶ እንዲኮራ? በሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ሰው በማይኖርበት ቤት የማንም ግድግዳ ያምራል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህን ማን ያስረዳት?

ባርናባስ በድንጋይ ይሁን ባይ ነው። «የስሜን ድንጋይ፣ እታለም። ኦሪጅናል!» ከሊማሊሞ በኩል በአይሱዙ ሊያስመጣ። ድንጋይ... ለደባርቅ... በመኪና። ከደጁ ጎንበስ ቢል አያጣውም ነበር።

ኅዳር 17
ድንጋዩ ተለጠፈ። ቫርኒሽ ቀቡት። አሁን ዝናብ ሲደበድበው የዋለ ይመስላል።

ኅዳር 24
ከጎንደር አንድ የጂፕሰም ሠራተኛ መጣ። ስሙ ደርቤ ነው፤ ራሱን ግን «ደርቤ ዲኮር» ይላል። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አያወልቅም። የግድግዳ ቀለም የሚመርጠው ሰው ይህ ነው።

ከምድጃው በላይ የዋልያ ራስ በጂፕሰም ሠራ። ዋልያ አይተህ ታውቃለህ? አልኩት። በፎቶ አይቷል። ቀንዱ ወደፊት ተቆልምሟል፣ ፊቱ የተቆጣ ፍየል ነው፣ አንዱ ዓይን ከሌላው ይተልቃል።

«ይኼ ዋልያ ነው?»

«ሞደርን ነው፣ እህቴ።»

ከሰዓት አባባን ወስጄ አስዳሰስኳቸው። እውነቱን ለመናገር አብረን እንድንስቅ ነው የወሰድኳቸው። እጃቸውን በጢሙ፣ በቀንዱ ላይ አሳለፉ። «ጢምም አለው» አሉ። «ደግ ነው። ቤቱን የሰላም ቤት ያድርግላችሁ።» ሶልያና እጃቸውን ሳመች። ደርቤም መነጽሩን አወለቀ፣ እሱስ ተአምር ነው። ስንመለስ መንገድ ላይ «ፍየል ነው እኮ፣ አባባ» አልኳቸው። «ፍየልስ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ለእነሱ ያዳላሉ።

ታኅሣሥ 3
ድንጋዩ ቤቱን አጨለመው ተባለ። ሶልያና ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ እብነ በረድ አስመጣች... ፒቪሲ የሚሉትን። ነጭ ሆኖ ወርቃማ ሥር የተሳለበት፣ እንደ ሰሌን የሚተጣጠፍ። የጎንደር መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሲጓጉለት ከርመዋል። ስንት የታመመ ሰው መድኃኒት በሚጠብቅበት መንገድ ላይ እነሱ ላስቲክ ይጠብቃሉ። እውነተኛው ድንጋይ ላይ የውሸት ድንጋይ ለጠፉበት፤ ፍየሉንም ነቅለው ከላዩ መልሰው ሰቀሉት። ዙሪያውን ደግሞ መብራት... ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ የሚለዋወጥ። ቤት ነው ቡና ቤት?

ደርቤ ቆርጦ ከጣለው አንድ ቁራጭ አነሳሁ። እቤት ወስጄ ከሰሉ አጠገብ አስጠጋሁት። ሳይነካው ተኮማተረ፣ አረፋ አወጣ፣ ሽታው ጉሮሮ ያንቃል። የዓለም ዲዛይን ሁሉ በስልካቸው አለ፣ ምድጃ ውስጥ እሳት እንደሚነድ የነገራቸው ግን የለም።

ለአባባ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። ዛሬ አልሳቁም።

«ነገርሻቸው?»

«ዲዛይነሮቹ እነሱ አይደሉ እንዴ?»

«ኸረ ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እነግራቸዋለሁ... ምን ያስቸኩለኛል? ላስቲክ ለጥፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ? ይዩት።

ታኅሣሥ 11
ሶልያና መጣች። ተቅለስልሳ፣ ሙዝ ይዛ። ነገር እንዳላት ገባኝ።

«እስኩዬ... የአባባን መቋሚያ ግድግዳው ላይ ብንሰቅለውስ? ከጸናጽሉ ጋር። በጣም አንቲክ እኮ ነው።»

አንቲክ! ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያመሰገነበትን ዕቃ ከጂፕሰም ፍየል ሥር! አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኳት። አባቴ ገና በሕይወት አሉ፣ ዕቃቸውን ለሙዚየም የምትለቅሚው ስትቀብሪያቸው ነው አልኳት። ፊቷ ቀላ። ሙዙን ትታ ሄደች። አባባ ከመደባቸው ላይ ሁሉንም ሰምተዋል፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ደስ ያላቸው ይመስለኛል።

ስለ ፕላስቲኩ ልነግራት ነበር፣ ማርያምን። ከዚህ በኋላ ግን አይታሰብም።

ታኅሣሥ 19
የቤቱ ምረቃ ከገና በኋላ ለጥር 3 ተቆረጠ። ምድጃው እስከዚያ አይለኮስም። በእንግዳ ፊት ነው አሉ የሚለኮሰው! ሪባን ሳይቆርጡለትም አይቀሩም። ሰው ወርቅ የመሰለ ምድጃ አሠርቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

እሄዳለሁ። እንዴት አልሄድም?

ጥር 3
መቀመጥ አልቻልኩም። መጻፍ ይሻለኛል።

ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር... ካህናቱ፣ ጎረቤቱ፣ የባርናባስ አስጎብኚ ጓደኞች። አባባ ጸሎት አደረሱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ሁሉም ነገር በደንብ የሚታይበትን ቦታ መርጬ። ባርናባስ አባባን ክንዳቸውን ይዞ «የእርስዎ ቦታ ይኼ ነው» ብሎ ከምድጃው ጎን አዲስ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ይህን አይቻለሁ። አይቼ ምንም አላልኩም፤ ልቤ ግድግዳው ላይ ነበር።

ባርናባስ ለኮሰ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወዲያው ተያያዘ። እልል ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ፕላስቲኩ ከጠርዙ ማበጥ ጀመረ። ወርቃማው ሥር ተጣመመ። መብራቱ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ ብሎ ጠፋ። ደርቤ «ኖርማል ነው፣ ኖርማል ነው» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። ሰው ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ፕላስቲኩ ከነፍየሉ ተገንጥሎ ወረደ። ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ወደ በሩ ሲሮጥ አባባ ምን እንደሆነ አላዩም፣ የነገራቸውም የለም። ሽታው አፍኗቸው፣ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው የሚይዙት ነገር ሲፈልጉ አየኋቸው። «እስከዳር!» አሉ። እኔን ነው የጠሩት። በመካከላችን ሰው ይገፋፋል፣ መድረስ አልቻልኩም። ባርናባስ አዝሏቸው ወጣ።

ሽማግሌ ከእሳቱ ጎን እንደሚቀመጥ እንዴት አጣሁት? የትኛው ቤት ነው አባቱን ከእሳት አርቆ የሚያስቀምጠው?

ጥር 4
ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ደረታቸው ደኅና ነው አሉ። ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። የወደቀው ጂፕሰም ትከሻቸውን ልጦታል። አጥሚት ሳጠጣቸው «አልነገርሻቸውም» አሉኝ። አልጠየቁኝም፣ ነገሩኝ።

«ረሳሁት፣ አባባ።»

ጽዋውን መለሱልኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ጥር 6
ሶልያና መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አላወቅኩም፣ አባባ። በማርያም ይማሩኝ።» ዓይኗ አብጧል፣ ያ ሁሉ ቅባቷ የለም። እንዲህ ስታለቅስ ለመናቅ አትመችም። አባባ ራሷን እየዳበሱ «ተነሽ፣ ልጄ፣ ተነሽ። ማን ሞተና?» አሏት። እኔ እያወቅኩ ዝም ማለቴን አልነገሯትም። አንዲት ቃል።

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ቧንቧው እንደ ደረቀ ነው። ጀሪካኑን ይዤ ሶልያና እስክትሄድ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ጥር 13
ጥምቀት አለፈ። ዛሬ ቁርስ ላይ አባባ ዳቦውን እየቆረሱ «እባርናባስ ቤት ልሄድ ነው» አሉ።

«መልካም። ማታ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«ልቀመጥ ነው የምልሽ።»

መጀመሪያ ብርዱ መስሎኝ ነበር። ከሰል እጨምራለሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ እደፍናለሁ አልኩ። «ብርዱንማ ለምጀዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምን አጎደልኩ?»

ዳቦውን አስቀመጡት።

«ምንም አላጎደልሽብኝ። አብልተሽኛል፣ አጥበሽኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። ነገር ግን አንች ሰው ትንቂያለሽ፣ እኔ እስቃለሁ። ሳቁን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ነገ ምን ትነግረኝ ይሆን እያልሁ እጠብቃለሁ። ለንስሐ አባቴ የምነግረው ሁሉ ካንች አፍ የሰማሁት ሆነ። ሸምግያለሁ፣ እስከዳር። ልጆቼን እያማሁ መሞት አልሻም።»

«እዚያ ቤት ምን አለ? ላስቲክና ፍየል!»

«ይኸውልሽ» አሉ።

በኋላ ዕቃቸውን ሳሰናዳ ስለ መቋሚያው አነሳሁባቸው፣ ይህንንም ከምድጃው በላይ ሊሰቅሉልዎ ነው አልኩ። «ይስቀሉት። ያን ለታም እሰጣት ነበር። መች ተጠየቅሁ? አንች መለስሽልኝ እንጅ።»

ስንት ዓመት ሙሉ እየመለስኩላቸው ይሆን?

ጥር 15
ባርናባስ በባጃጅ መጥቶ ወሰዳቸው። ዳዊታቸውን በእጃቸው ያዙ። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ መረቁኝ፤ አለመቆጣታቸው ነው የከበደኝ። ባርናባስ «እታለም፣ ቅርብ እኮ ነን፣ በፈለግሽ ጊዜ...» አለ። ቅርብ መሆናቸውን አውቃለሁ። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ብትዞራት ምኗ ይርቃል?

ሁለት ሰው የሚበላውን ሽሮ ሠራሁ።

ጥር 22
አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ። (ምን ሥራ?)

የካቲት 2
ዛሬ ሄድኩ።

ግድግዳው ተገፏል። ድንጋዩ እንዳለ ነው፣ ቫርኒሹ ግማሹ ተቃጥሎ፣ እዚህም እዚያም ጥላሸት። እነሱ ግን መቼ ተምረው! ደርቤ ተመልሶ መጥቷል፣ ከነመነጽሩ። አሁን ደግሞ አበባ የተሳለበት ሴራሚክ ነው የሚሉት። ሐምራዊ አበባ።

አባባ እሳቱ ጎን እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። ሶልያና አጠገባቸው ሆና ስልኳን ታነብላቸዋለች፤ ሥዕሉን ማለቴ ነው፣ በቃል እየሣለች። «ይኼ ደግሞ አባባ ቡናማ ነው፣ ከላይ የእንጨት መደርደሪያ አለው...»

«መደርደሪያውስ ደግ ነው። ዳዊቴን አኖርበታለሁ።»

«ሐምራዊውስ?»

«ሐምራዊ ምን ይመስል ነበር? ረሳሁት።»

እሷ ታስረዳቸዋለች። ስለ ሐሙስ ለታ የለበሰችው ቀሚስ፣ ስለ ሽንኩርት ልጣጭ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ፈገግ እያሉ። በማንም ላይ አልነበረም ፈገግታቸው።

ሶልያና ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ እስኩዬ? ምን ይሻላል?» ባርናባስ ንግግሩን አቆመ። ደርቤ ሜትሩን እንደዘረጋ ቀረ። አባባም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ምን ሊመጣ ነው ብለው ሲሰጉ አየኋቸው... አራቱም።

«ሴራሚኩ ይሁን» አልኩ። «ብቻ ማጣበቂያው ሙቀት የሚችል መሆኑን ጠይቁ። ሳትለጥፉት በፊት አንዱን እሳቱ አጠገብ ሞክሩት። ልሞክረውም እችላለሁ።»

«እሺ እታለም» አለ ባርናባስ። ሶልያና ወንበር ሳበችልኝ። አባባ እጃቸውን ወንበሬ ላይ አሳረፉት። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ሐምራዊው አበባ አሁንም አስቀያሚ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ስለ ደርቤና ስለዚያ አበባ አንድ ነገር መጣልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ እርምጃዬን አፈጠንኩ። በሩን ከፍቼ «ጉድ ልንገርዎ፣ አባባ!» ብዬ ገባሁ።

መደባቸው እንደ ተነጠፈ ነው።

ጥሩ ቀልድ ነበር። እዚህም አልጽፈውም።