ሸንተረሬን ሊያሞቁ የመጡ ሰዎች

ጥቅምት 22

ውርጭ። ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል፤ መሃሉ ገና ይፈሳል። የአጋዘኑን ሥጋ በስሱ ዘልዝለን ጭሱ ላይ ሰቀልነው። እኔ ዘለዘልኩ፣ ፊሎሜን ሰቀለች። እህቴ ናት፤ የማስጽፈውም እሷን ነው። እሷ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ይዛ ወጣች፤ እኔ በመስኮት ዘልዬ ጠፋሁ። አልጸጸትም። «ትንሽ ተጸጸት» ትለኛለች። አንቺ ብቻ ጻፊ።

ለምን አስጽፋለሁ? መሬት ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ ይጽፋል። የተናገርኩትን ጽፈው መልሰው ሲያነቡልኝ የእኔ አይመስልም። እንግዲህ እኔም የራሴ ይኑረኝ። ለማንም አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ክላረንስ መጣ። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው። አርባ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን በር መዝጋት አልለመደም።

«አጎቴ፣ አዲስ ነገር መጣ! ሬንጃሙን አሸዋ ቆፍረው ሳያወጡ እዚያው መሬት ሆድ ውስጥ የሚያሞቁበት። ያለ ውሃ፣ ያለ እንፋሎት። በሬዲዮ ሞገድ!»

«በሬዲዮ?»

«ማይክሮዌቭ በለው። መሬት ውስጥ የገባ ማይክሮዌቭ።»

«በሩን ዝጋ።»

ከቶሮንቶና ከካልጋሪ ባለሀብቶች ሊያዩት ይመጣሉ አለ። ገንዘባቸውን ካስገቡ ክላረንስን የሠራተኞች አለቃ ያደርጉታል። የት ነው የሚሞክሩት? አልኩት። ጣሪያውን አየ። ምድጃውን አየ።

«ሸንተረሩ ላይ።»

የእኔ ሸንተረር! ለቆዳው አውሬ የማጠምድበት የወጥመድ መስመሬ የሚጀምርበት፣ አባቴ የሠራው ጎጆ ያለበት። በዚህ ሁሉ ረግረግ መሃል አንድ ደረቅ ከፍታ አለኝ፤ እሱኑ መረጡ። ከሥር ያለው ሬንጅ የመንግሥት ነው፣ ይህን ለሚሞክረው ኩባንያ ሰጥቶታል። ከላይ የማጥመዱ መብት ደግሞ የእኔ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ «ባለ መስመሩን አነጋገራችሁት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ከእኔ በኋላ መስመሩን የሚይዘው ክላረንስ ነው... ነው እንበል። ሌላ ማን አለኝ? ገና ሳልሞት ሊሰጣቸው ነው እንዴ?

ጥቅምት 27

ሞኝ ነኝ። እንዳለ ጻፊው።

በር ላይ ተቀምጬ ዓሣ ሳጸዳ አንዲት ሴት መጣች። ታማራ ትባላለች፤ ኩባንያው ከእኛ ጋር እንድትነጋገርለት የቀጠራት ናት። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ትምባሆ ዘረጋችልኝ። እኔ ደግሞ ትምባሆ አልቆብኝ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ስጣላ ነው የሰነበትኩት። እጄ ቀደመኝ። በዓሣ ደም እጄ ተቀበልኳት።

ከዚያ ጠየቀች።

«አባባ ኢዚዶር፣ ባለሀብቶቹ ሸንተረሩ ላይ ሲመጡ ጸሎት እንዲያደርጉልን ነው።»

ፊሎሜን ድስቱን ለቀቀችው።

ሕጋችንን ሕፃን ያውቀዋል። ትምባሆ የሚሰጥህ ሰው የሚጠይቅህ ነገር አለው። ካልፈለግህ እጅህን ሰብስበህ ጥያቄውን ትሰማለህ። ከነካኸው ግን እሺ ብለሃል። መመለስ የለም፤ ነውር ነው። ይህን ለስንቱ ጎረምሳ ያስተማርኩ እኔ ነኝ...

ሴትየዋ ስትሄድ ፊሎሜን ጀመረች። «መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዚያ ትምባሆው። ማን ነበር እንዲህ እያለ ሲቆጣን የኖረው?»

«ዝም በይ።»

«ልታጨሰው ነው አይደል የተቀበልከው?»

ዝም በይ አልኩ።

ጥቅምት 28

አላጨስኩትም። እንዴት ይጨሳል? አሁንም የማጨሰው የለኝም። ፊሎሜን እንደሳቀች ነው።

ኅዳር 2

ትምባሆ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ናርሲስ ምድጃው አጠገብ ተጎልቷል። አብሮ አደጌ ነው፤ አፉ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

«የማይክሮዌቩ ቄስ መጣ!»

«አፍህን ያዝ።»

«ለእኔም ምድጃ ጸልይልኝ እንጂ፣ አንድ ጎኑ አልሞቅ ብሏል።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ክላረንስም እዚያው ነበር። ተከትሎኝ ወጣ።

«አጎቴ፣ ይሄኮ አሁን ከሚያሞቁበት እንፋሎት ይሻላል። እንፋሎቱ የሚጠጣውን ውሃ አስበው። ይሄ ውሃ አይነካም።»

«ፊሎሜን ያንን የማይክሮዌቭ ሳጥን ገዝታለች። ሾርባ ስታሞቅበት ዳር ዳሩ ያቃጥላል፣ መሃሉ በረዶ ነው።»

«ሾርባና መሬት አንድ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተስ ምን ታውቃለህ?»

«የምሠራበት የሬንጅ ካምፕ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የዋልኩት። ልጆቼ ስልክ ሲነካካ የሚውል ሰው ነው የሚያዩት። አንተ ወጥመድህ አለህ። እኔ ምን አለኝ?»

ወጥመዱ ያንተም ነው ልለው ነበር። አላልኩም። መስመሩን መጨረሻ የረገጠው መቼ ነው? ጨጓራዬን ላጠው ይሄ ልጅ። ደግሞ... ስልክ ሲነካካ ያለው ነገር አልወጣልህ አለኝ።

ኅዳር 11

አለፈ። በዝግታ የምናገረው ንዴቴ ስለበረደ አይደለም ፊሎሜን፤ እንዳታለሳልሺው።

በሁለት ሄሊኮፕተር መጡ። ጃኬቱ ሁሉ አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት ካንገቱ ላይ የሚወዛወዝ ሰው ነበር። ጫማቸው ግን የቢሮ ጫማ። በዚያ ብርድ! ድንኳን ውስጥ አንድ ኢንጂነር ሬንጃም አሸዋ የሞላበት የመስታወት ቱቦ አቁሞ ሞገዱን ለቀቀበት። ጠበቅን። አሸዋው አላበው፣ ከዚያ ጥቁሩ ነገር ጠብ... ጠብ... አለ። ልጅ የተወለደላቸው ይመስል አጨበጨቡ። እውነቱን ልናገር፤ ተንጠባጥቧል። ውሸት አልነበረበትም። አንዱ ባለሀብት «እሺ፣ መሬት ውስጥ ሲሆንስ? ስንት ዓመት ይፈጃል?» ሲለው ግን ኢንጂነሩን ሳል ያዘው።

ተራዬ ደረሰ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። የምጸልየው በክሪ ነው፣ በቋንቋችን፤ ክላረንስ አጠገቤ ቆሞ ይተረጉማል። ትምባሆ ተቀብለህ ስትጸልይ ማስመሰል የለም። ስለዚህ ያለኝን አልኩ፦

«ፈጣሪ ሆይ፣ ትምባሆ ስለተቀበልኩ ቆሜያለሁ። ባልቀበል አልቆምም ነበር። እነዚህን ሰዎች የጠራኋቸው እኔ አይደለሁም፤ ግን እንግዶች ናቸው፣ እግራቸውን ጠብቅላቸው፤ ጫማቸው አይረባም። ይህን መሬት ከሆዱ ሊያሞቁት ይፈልጋሉ። እኔ አልፈልግም። አባቴ እዚህ ጎጆ የሠራው ውሃ የማይተኛበት ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ቢሳካላቸውም ባይሳካላቸውም እነሱ ይሄዳሉ፤ እኛ እንቀራለን። በሰላም መልሳቸው። ቶሎ መልሳቸው።»

ክላረንስን አየሁት። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል። የኩባንያው አለቃ ከፊቱ ቆሞ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። አሁን ያሳጥረዋል አልኩ በልቤ። «እንኳን ደህና መጣችሁ አለ» ብሎ ይገላገላል። ማን ያውቅበታል?

አላሳጠረም። ቃል በቃል ነገራቸው። «አልፈልግም» ያልኩትንም። የጫማውንም።

ከዚያ... አጨበጨቡ! አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሌላው ስልኩን ደቀነብኝ። ፔንሃሎ የሚባል ሽበታም፣ ከሁሉም ትልቁ ባለገንዘብ እሱ ነው አሉ፣ እጄን ይዞ አልለቅም አለ።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቃል ሰምቼ አላውቅም።»

«አልፈልግም ነው እኮ ያልኩት።»

«ገብቶኛል! ልቤን ነው የነካኝ!»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ምን?

ኅዳር 14

ክላረንስ ስልኩን ይዞ መጣ። የእኔ ፊት ነው፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ኩባንያው ለዓለም ሁሉ አሳይቶኛል። ከሥሩ የተጻፈውን አነበበልኝ። «የአካባቢው ሽማግሌ ትምባሆውን ተቀብለው ሥራውን ባረኩ። በባህላቸው ይህ የጸና ስምምነት ነው።»

ባረኩ!

«አጎቴ፣ እኔ አንድም ቃል አላስቀረሁም።»

«ሰምቻለሁ።»

«አለቃው ጠርቶ ሌላ ጊዜ አጠር አድርገው አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ትምባሆ ያለበት ጸሎት አይቆረጥም አልኩት።»

አላመሰገንኩትም። ሻይ ቅጂለት አልኳት ፊሎሜንን። «መጻፉም መቅዳቱም በእኔ?» አለች። ቀዳች ግን።

ኅዳር 21

ከፎርት ማክመሪ ከተማ ተመለስን። ባለሀብቶቹ ከመለያየታቸው በፊት ሆቴል ውስጥ ምሳ ነበራቸው፤ ክላረንስም ተጠርቷል። ውሰደኝ አልኩት።

«ምን ልታደርግ?»

«ምሳ ልበላ።»

ፔንሃሎ ገና ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። ከኪሴ ትምባሆ አወጣሁ፤ በራሴ የገዛሁት ነው፣ ፊሎሜን በጨርቅ የጠቀለለችው። ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ፎቶ እንዲያነሡት ዞርም አለ።

ታማራ ከጠረጴዛው ማዶ «አይ! ቆይ፣ ቆይ...» አለች። የት ይቆያል?

«አሁን ልጠይቅህ» አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋ፣ የሚተረጎም ነገር እንዳይኖር። «መቆፈሪያውን ከሸንተረሬ ላይ አንሣ። ከጅረቱ ማዶ አሮጌ ምንጣሮ አለ፤ ዛፉ ድሮ አልቋል። መቆፈር ካለባችሁ እዚያ ቆፍሩ።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ፔንሃሎ ወደ ታማራ ዞረ። «ምንድን ነው ያደረግኩት?»

«እሺ አሉ» አለችው። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

አለቃው ጣልቃ ገባ። «ኧረ ይሄማ የባህል ነገር ነው፤ ለምልክት ያህል እንጂ...»

ክላረንስ ተነሣ፤ ሹካው እጁ ላይ ነው። «አጎቴ ሲቀበል የጸና ስምምነት ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ወይ ሁለቱም ይጽና፣ ወይ ሁለቱም ይቅር። ምረጡ።»

ማኘክ ሁሉ ቆመ። ፔንሃሎ ትምባሆውን ሊመልስልኝ ዘርጋ አደረገ። እጄን ሰበሰብኩ። ቢያንስ ይህን ዛሬ አልሳትኩም።

«ላስብበት» አለ።

አስብበት! ምሳው ደግሞ ጨው አልነበረውም።

ኅዳር 27

ወሬ የለም። ክላረንስ ስልኩን ያያል። እኔ ክላረንስን አያለሁ።

ታኅሣሥ 9

መልስ መጣ። ፔንሃሎ ቃሉን ጠበቀ። መቆፈሪያው ከጅረቱ ማዶ ሄደ፤ ሸንተረሩ ተረፈ።

ደስ ይበለኝ? ቦታው ሲቀየር ሥራው ተጓተተ፤ ሥራው ሲጓተት ሁለት ባለሀብቶች «ሲረጋገጥ ጥሩን» ብለው ገንዘባቸውን ይዘው ሄዱ። ትልቅ የተባለው ሥራ ትንሽ ሆነ። ክላረንስ አለቃ አይደለም። ገመድ ጎታች ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በበረዶ ላይ ሲጎትት የሚውል።

መጥቶ እዚሁ ቆመ። አልቀመጥም አለ።

«ሁለት ጊዜ እውነቱን ተናገርኩልህ። ሁለቱንም ጊዜ የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

«ሸንተረሩ ተርፏል።»

«ለማን? ለአንተ!»

«አሳጥረህ ብትተረጉም ማን ያውቅብህ ነበር?»

«አንተ ታውቅ ነበራ!»

ወጥቶ ሄደ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ናርሲስም መቀለዱን ትቷል። የእሱም የልጅ ልጅ ያንን ሥራ ይጠብቅ ነበር። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 16

የሚሲዮኑ ገና። ክላረንስ ለፊሎሜን ዝይ ላከላት። ለእኔ ሰላምታ እንኳ አልላከም። ዝይውን በላሁት።

ጥር 12

ከጅረቱ ማዶ ሞገዱን ለቀቁት። ጎጆዬ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ ፍሪጅ የበራ ያህል እምም... ይላል፣ አያርፍም። መሬቱ ይሞቅላቸው አይሞቅላቸው በጋ ሳይደርስ አይታወቅም ይላሉ። ቢሳካላቸውስ? እንጃ። ጆሮዬን ግን ነዝንዞኛል።

ከዚያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሄድን። ከአምና ጀምሮ «ከእርስዎ በኋላ መስመሩ በማን ይመዝገብ?» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ነበር። እኔም ገና አልሞትኩም እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ዛሬ ግን ገብቼ «ክላረንስ» አልኩ።

ፊሎሜን በሩ ላይ ያዘችኝ። «እንኳን መስመሩን ሊይዝ፣ ሰላም አይልህም። ደግሞ የእነሱን ገመድ ነው የሚጎትተው።»

«ይጎትት። ልጆች አሉት።»

«ነገ ቢሰጣቸውስ?»

«አለቃው ፊቱ ቆሞ ጸሎቴን አላሳጠረም» አልኳት።

ምንም አላለችም። ፊሎሜን ምንም አላለችም፤ እሱንም ጻፊው።

ጥር 14

ክላረንስ ሰምቷል። ከሥራ ሲመለስ መጣ፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል።

«እንዳመሰግንህ ነው የምትጠብቀው?»

«አይደለም። እሁድ ወጥመዶቹ ይታያሉ። ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

እሺም እምቢም ሳይል ሄደ።

ጥር 16፣ እሁድ

መጣ። አርፍዶ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ጎህ የሚቀድለት?

የበረዶ ሞተሩ ላይ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ወጣሁ። በዚህ መስመር ላይ በሰው ጀርባ ተቀምጬ አላውቅም፤ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው፣ አገሩ የለም። አነዳዱ አይረባም። «ግራ!» ስለው ስለ ገመዱ ሥራ ያወራልኛል። ክንዱ እንዴት እንደዛለ፣ ኢንጂነሩ በየሰዓቱ እየሮጠ ሙቀቱን እንዴት እንደሚያይ። አወራ፣ አወራ...

ረግረጉ ዳር ያለውን ወጥመድ አሳስቶ አጠመደው። አየሁት። ዝም አልኩ።

ፊሎሜን መጻፏን አቆመች። «አንተ? ዝም አልክ?»

አዎ። ጥቂት ሄደን ሞተሩን አጠፋ። በእግሩ ተመለሰና ወጥመዱን አስተካከለው።

እስኪጨርስ ቀዝቅዤ ነበር። ጠበቅሁት።