የብሪቱ ፈተና እስኪያልፍ

ለታላቅ እህቴ፣ ከሩቅ ሆኜ ለምናፍቅሽ፦

ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እማዬስ እንዴት ናት? በስምሽ መጥራት ጀመረች ወይስ አሁንም በእኔ ስም ነው የምትጠራሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ወባ ሁለቴ ጎበኘችኝ እንጂ፣ ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ወረቀት ያነሣሁት በስልክ የማናወራው ነገር ስላለ ነው። ስደውል ድምፁን ከፍ አድርገሽ እማዬ አጠገብ ታስቀምጭዋለሽ፤ ሦስታችንም ደኅና ነን እያልን እንዘጋለን። ይህን የምታደርስልሽ ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ሜልቦርን የምትመለስ ባልደረባዬ ናት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ከግልገል በለስ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ቀበሌ የበጎ ፈቃድ ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። በወጣቶች ማዕከላችን መዝገብ ላይ አርባ ስም አለ፤ የሚመጡት አሥራ አንድ ናቸው፤ ከእነሱም አራቱ የሚመጡት ስልካቸውን በሶላሩ ቻርጅ ለማድረግ ነው። ኳሳችን ከፈነዳ ቆየ፤ አዲስ እንዲልኩልን የጻፍኩት ማመልከቻ ገና «በሂደት ላይ» ነው። አሶሳ ለስብሰባ ሲጠሩኝ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ስብሰባው ግማሽ ቀን። ስመጣ አማርኛዬን ይዤ ሁሉ ነገር ይገባኛል ብዬ ነበር። እዚህ ግን ለብዙው ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ እኔም ለእነሱ «ፈረንጇ» ነኝ። ሳቂብኝ፣ ይገባኛል።

ፎቶዋን የላክሁልሽን ብሪቱን ታስታውሻታለሽ? ያቺ በሒሳብ የሚስተካከላት የሌለ የጉሙዝ ልጅ። በጥር ወር ማዕከሉ መጥታ ሊድሯት መሆኑን፣ እሷ ግን መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እዚህ የቆየው ጋብቻ በልውጥ ነው፤ አንዱ የሌላውን እህት ሲያገባ በምትኳ የራሱን እህት ይሰጣል። የብሪቱ ወንድም ማሚቱ የምትባል ልጅ ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብሪቱ ስትደርስ ለማሚቱ ወንድም ልትሰጥ ቃል ተገብቶ። ብሪቱ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

እኔ መቼ እግሬ ዐርፎ! ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፣ ደብዳቤ አስጻፍኩ፣ በመጨረሻም ግልገል በለስ ከሰራዊት አክስት ቤት አስጠግቼ እዚያው ስምንተኛ ክፍሏን ጨርሳ የክልሉን ፈተና እንድትፈተን አደረግሁ። ሰራዊት አስተባባሪያችን ነው፤ አያቶቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ፓዌ የሰፈሩ። ያኔውኑ፣ «እህት ዓለም፣ አንዷን ስታነሺ ሌላዋም ትነሣለች፤ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን እናስቀምጥ» ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ስንለምን ፈተናው ሊያልፍ ነው ብዬ ተቆጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልሆነም።

የማሚቱ ቤተሰቦች እስከ ፋሲካ ታገሡ። ከዚያ መጥተው ልጃቸውን ይዘዋት ሄዱ፤ ልውጡ ከፈረሰ ጋብቻውም ፈረሰ ማለት ነው። የሰባት ወር ወንድ ልጇ ግን የአባቱ ወገን ነው ተብሎ እዚሁ ቀረ። ማሚቱን ማንም ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም። ያን ሰሞን ስለ ብሪቱ ለዋናው ቢሮ የስኬት ታሪክ እየጻፍኩ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የብሪቱ ወንድም ሕፃኑን ታቅፎ ማዕከሉ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሰደበኝም። ከማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ ሴቱንም ወንድ እያደረገ፣ «ማሚቱ አባቱ ቤት ሄደ። ልጅ ያለቅሳል፣ ጡት ይፈልጋል። እኔ ገንፎ ይሰጣል፣ እምቢ ይላል» አለኝ። ምን ላድርግልህ አልኩት። «ምንም። ለብሪቱ ግን አትንገር። ፈተና አለበት። ከሰማ ይመጣል» አለኝ። ሕፃኑን ስቀበለው ፊቱን ደረቴ ውስጥ እየቀበረ ጡት ፈለገ። በቀላሉ እንደማላለቅስ ታውቂያለሽ። አለቀስኩ።

ቅዳሜ ግልገል በለስ ሄድኩ። ብሪቱ ደብተሯን ዘርግታ እያጠናች ነበር። ማሚቱና ሕፃኑ ደኅና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደኅና ናቸው፣ ሕፃኑም ጥርስ አብቅሏል አልኳት። የጥርሱ እውነት ነው። አመነችኝ፤ ማመን ስለፈለገች አመነችኝ። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ይጀመራል። ባለቀ ማግሥት እውነቱን በራሴ አፍ እነግራታለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ሰራዊት ሽማግሌዎች ይዞ የማሚቱ ቤተሰቦች ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ በብሪቱ ምትክ ከብት እንዲቀበሉ እየለመኑ ነው፤ እስካሁን እሺ አላሉም። ብሪቱ መማሯ አይጸጽተኝም፣ ማንም ምን ቢለኝ። የሚጸጽተኝ እሷ ስትማር ማን እንደሚቀር አለመጠየቄ ነው።

ስመለስ መኪና ውስጥ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሜልቦርን በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ እማዬ እንደታመመች፣ ከኮሌጅ የመጣልሽን ወረቀት አንብበሽ ሳትጨርሺ አጠፍሽና፣ ትምህርት ለእኔ አይሆነኝም፣ ራሴን ያመኛል፣ አንቺ ተማሪ አልሽኝ። በማግሥቱ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀመርሽ። አመንኩሽ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እህቴ ትምህርት አትወድም እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖርኩ።

እዚህ አንድ ዓመት ጨምሪ ብለውኛል። አንቺን ሳላማክር እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ እማዬን የምትጠብቅ አንቺ አለሽ ብዬ። ይቅር በይኝ። የማሚቱ ነገር እልባት እስኪያገኝ ልቆይና እመጣለሁ፤ ግፋ ቢል እስከ መስከረም።

እስከዚያው ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤታችንን ከክፉ ይጠብቅልን። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ እሷ በተኛችበት፣ ሳትዋሺኝ። ያ ወረቀት ምን ሊያስተምርሽ ነበር?

ታናሽሽ