መርገጫው ላይ ያለው ቆሎ

ሞላሌ፣ የካቲት 23

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ዓለም ከተማ ከሞላሌ ስለሚሞቅ ለወገብ ይሻላል ይላሉ። ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም። እናታችንም ጉልበቴን አመመኝ ማለቷን ትታለች።

ስልኬን እንደማያነሱ ስለማውቅ ደብዳቤውን ለበግ ነጋዴው ለማዕረግ ሰጥቼዋለሁ። ቆመው አያንብቡት፤ ይቀመጡ።

የጻፍኩት ስለ አባባ ላንድሮቨር ነው። ሞተሩ ተነስቷል።

ያን ቀን እንዳልረሱት አውቃለሁ። በአባባ ተዝካር ላይ፣ ዳሱ ሰው እንደሞላ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት መሐንዲስ ከረባቴን ወደ ትከሻዬ ጥዬ፣ የሞተር ማዞሪያውን ብረት ከፊት አስገብቼ ታገልኩ። አልዞር አለኝ። ቀና ብዬ፣ ሞተሩ ተጣብቋል፣ ያለ ውሃ ነድቶ የገደለው ወንድሜ ነው አልኩ። እርስዎ አልተከራከሩኝም። በንስሐ አባታችን ፊት፣ ይህ መኪና በራሱ ሞተር ከዚህ ደጅ ሳይወጣ የዚህን ቤት እንጀራ ብቀምስ ብለው ማሉና ሄዱ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናታችን ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ እሷ ወደ እርስዎ ተመላለሰች፤ እርስዎ ግን ቤቷ አልገቡም። እኔም በዚህ ስናደድ ኖሬአለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አልጋ ላይ መዋሏን ሰምቼ መጣሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናውን አስነሳና ልጄ ይግባልኝ። ቄሱ መሐላውን ይፍቱት ብላት፣ እሱ የማለው በመኪናው ነው፣ መኪናው ይፍታው አለች።

መኪናው የቆመበትን በረት ከፈትኩ። አይጥ የአየር ማጣሪያው ውስጥ ወልዳለች፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተጠፍጥፈዋል። የወፍጮ ቤቱ ፋንታሁን ሊያግዘኝ መጣ። እኔ ሞተሩን ልፈታታ መሣሪያዬን ስደረድር፣ እሱ በመስኮቱ እጁን ሰደደና ማርሹን አወጣ። ከዚያ ማዞሪያውን በአንድ እጁ ያዘው። ዞረ።

ጋሼ፣ መኪናው ማርሽ እንደገባ ነበር። አባባ የእጅ ፍሬኑን ስለማያምኑት ሁልጊዜ ማርሽ አስገብተው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፈው ነበር የሚያቆሙት። የቤቱ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ከጎማው ጋር ስለሚተሳሰር፣ ያን ቀን የታገልኩት ድንጋዩን ነበር።

ካንዴላዎቹን ስፈታ ደግሞ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት አገኘሁ፤ የዘንድሮ ዘይት፣ ገና ያልጠቆረ። እናታችንን ጠየቅኳት። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ አንድ ሰው በረቱን ከፍቶ ይዘጋል አለችኝ። እሷም ከመውጣቷ በፊት የገብስ ቆሎ በጣሳ አድርጋ መኪናው በር ሥር ባለው መርገጫ ላይ ታስቀምጣለች፤ ስትመለስ ጣሳው ባዶ ነው። መሐላውስ አልኳት።

“ቆሎ እንጀራ አይደለም” አለችኝ። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ እርስዎ ማርሹን አውጥተው፣ ሞተሩ እንዳይጣበቅ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ሞተሩን አዙረው፣ ማርሹንም ድንጋዩንም ወደ ቦታቸው እየመለሱ ሲሄዱ ኖረዋል። ያን ቀን ዳሱ ውስጥም ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ሰው ሁሉ በእኔ ይስቅ ነበር። ለምን ዝም አሉ? እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ብቻ ነው። እናታችን፣ ትንሽ አስጩኸውና ልስማው ትለኝ ነበር። እኔ ታንከሩ ሳይታጠብ፣ ካርቡራቶሩ ሳይጸዳ አይሆንም አልኩ። አንዲት የካርቡራቶር ጎሚኒ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ስምንት ቀን ጠበቅኩ። ፋንታሁን፣ ኢንጂነር፣ ልታስነሳው ነው ወይስ ልትድረው አለኝ። ሥራ እንዲህ ነው አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ተነሳ። መጀመሪያ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያ የድሮ ድምፁ መጣ። ሞተሩን ሳላጠፋ እየሮጥኩ ገባሁ። የምታስታምማት ጎረቤታችን አያልነሽ የእናታችንን እጅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሰማችው ወይ አልኳት። አላውቅም አለችኝ።

በማግስቱ መኪናው በራሱ ሞተር ከደጁ ወጣ። የንስሐ አባታችን ከፊት ነበሩ፤ ምስክር ናቸው። እናታችን ድሮ ከአባባ ጎን ነበር የምትቀመጠው፤ ያን ቀን ከኋላ አደረግናት። ሰዉ በእግሩ ይከተል ስለነበር እስከ ሚካኤል ድረስ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ። ዳገቱ ላይ እንኳ አልጠፋም።

ስለዚህ መሐላዎ ተፈቷል። ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ። ቤቱ ሰው አላጣም፤ እንጀራውንም ጎረቤት እያመጣ ነው። እናታችን ከአልጋዋ ሆና አያልነሽን ያስቆላቻት ቆሎ በጣሳው ውስጥ መርገጫው ላይ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ማርሹን አውጥቻለሁ፤ ድንጋዩንም አንስቻለሁ።

የአባባ አምላክ መንገድዎን ያቅናልዎ፣ ልብዎንም ያጽናልዎ።

አጥፊው ታናሽ ወንድምዎ