ፒላቴስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ

ጥቅምት 6

ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ለአርባ ስምንት ዓመት ሰው አይከፋም። ከዚያ አባዬን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ቁርስ፣ ሥራ። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ የአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሳነጥፍ ዋልኩ። ሰባት መታጠቢያ ቤት ይቀረኛል። ማታ አባዬን ከወንበር ወደ አልጋ። ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ካደከመው ሁለት ዓመቱ። እግሩ ቀጠነ፣ ሆዱ ግን ወይ ፍንክች...

ጥቅምት 9

ወደቅን። ሁለታችንም። ሳነሳው ወገቤ ቋ አለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ አባዬ እላዬ ላይ። ሚስቴ ከኩሽና እየሮጠች መጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባዬ ምንም አልሆነም። ግን ሁሌ ቀልደኛው ሰውዬ ዛሬ ግድግዳውን ብቻ ያያል። "ወንድምህ የሚለው ቦታ ብገባ ሳይሻል አይቀርም" አለ። የአረጋውያን ማቆያውን ማለቱ ነው። ምን ልበለው? ትራሱን አስተካክዬለት ወጣሁ።

ጥቅምት 12

አሁን ደግሞ እኔ አልጋ ላይ። ሐኪሙ ሆዴንና ወገቤን ተጫን ተጫን አደረገና "ትሮጣለህ፣ ብረት ታነሳለህ። እጅና እግርህ ግንድ ነው። መሃልህ ግን የለም" አለኝ። ፒላቴስ ሞክር አለ። ፒላ... ምን? ምንጣፍ ላይ ተኝተው ሆድና ወገብ የሚያጠነክሩበት ስፖርት ነው አለ።

ወንድም ጋሼ ደወለ። "በቃ፣ ማቆያው እስከ ጥር መጨረሻ ቦታ ይይዝልናል። ለራስህም እዘን እንጂ።"

"እስከዚያ ታገሰኝ" አልኩት። ምን ተማምኜ? እኔ እንጃ።

ጥቅምት 26

የመጀመሪያ ቀን። ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለች ክፍል። ምንጣፎች፣ አንድ ሰፊ መስኮት፣ በቃ። ሴቶች ዘጠኝ፣ ወንድ እኔ ብቻ። አስተማሪዋ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም።

"ተኛ። በአፍህ አስወጣ። እምብርትህን ወደ ጀርባህ። አሁን አንድ እግር ብቻ አንሳ።"

ይቺ ምን አላት ብዬ ነበር። ስምንተኛው ጊዜ ላይ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጥኩ። አጠገቤ ያሉት የልጅ ልጅ ያዩ እናት ወሬ እያወሩ ነው የሚሠሩት! እትዬ መጥታ አጎንብሳ አየችኝ። "አንተ ትንፋሽህን ይዘህ ነው እንዴ የምትኖረው?" ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ተኛችና ተነሳች። እጇን ሳትደገፍ፣ አከርካሪዋን አንድ በአንድ ከምንጣፉ እያላቀቀች። እንደሚጠቀለል ጨርቅ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ኅዳር 10

ሩጫውንም፣ ብረቱንም፣ ፒላቴሱንም ሁሉንም አንድ ላይ ስሠራ ከረምኩ። ትናንት የደረደርኩት ሴራሚክ እንደ እባብ ተጣሞ አገኘሁትና ነቀልኩት። ዛሬ እትዬ ፊቴን አይታ "በሳምንት ምን ምን ትሠራለህ?" አለች። ነገርኳት።

"ይሄማ ስፖርት አይደለም፣ ቅጣት ነው!"

ቁጭ ብላ ቀኖቼን ደለደለችልኝ። ሰኞና ዐርብ ሩጫ። ማክሰኞና ሐሙስ ፒላቴስ። ቅዳሜ ብረት፣ ያውም ቀለል ያለ። ረቡዕና እሑድ እረፍት። "እረፍቱም ሥራ ነው፣ እንዳትሰርቀው" አለች።

ያኔ አመለጠኝ። "አባቴን መቼ ነው ማንሳት የምችለው?" ታሪኩን ዘረገፍኩላት።

"ስታነሳቸው እሳቸው ምን ያደርጋሉ?"

እሱ? ምንም... ይነሳል እንጂ ምን ያደርጋል? አልኳት።

"ችግሩ እሱ ነዋ!" አለች። "እሑድ ልምጣ?"

ኅዳር 15

መጣች። አባዬ ፀጉሩን አስበጥሮ ጠበቃት።

"አባባ፣ እኔም ዳሌዬ ተሰብሮ ስምንት ወር ሰው ነበር የሚያነሳኝ። ይሄን የተማርኩት ያኔ ነው።"

ያቺ እንደ ጨርቅ የምትጠቀለለው ሴት! ስለ ዳሌዋ አንድ ቀን እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

"አልችልም እኮ ልጄ" አለ አባዬ።

"ግራዎ አይችል ይሆናል። ቀኝዎን ጠይቀውታል?"

ቀኝ እጁን አየት አደረገ። ከዚያ ሞከረ። ትንፋሽ እያስወጡ ወደ ጎን መዞር፣ እግርን ከአልጋ ማውረድ፣ በእጅ መግፋት። ግማሽ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ልደግፈው ስል እትዬ ገላመጠችኝ። "አንተ እጅህን ኪስህ ክተት!" እስከ ዛሬ ከሠራሁት ስፖርት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ታኅሣሥ 2

ጠዋት ስገባ አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። ምን አስቀየምኩት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ብቻውን ዞሮ ነው!

ታኅሣሥ 20

ሥራ ቦታ የሲሚንቶ ከረጢት ሳነሳ "ፉ..." ብዬ አስወጣለሁ። ልጆቹ "ምጥ መጣ!" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ወገቤ ዝም ካለ ወር አለፈው።

አባዬ ግን ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን አልሠራም። "ጉንፋኑ ነው ወይስ ተስፋ ቆረጥክ?" አልኩት። "ሁለቱም" አለኝ። እትዬ ይሄን ስነግራት አልተቆጣችም። "እኔ ሁለት ወር ነው ያኮረፍኩት፣ ሦስት ቀን ምን አላት?" ለአባዬ ስነግረው ፈገግ አለ። ነገ እንሞክራለን አለ።

ጥር 24

ወንድም ጋሼ የማቆያውን ፎርም ይዞ መጣ። አባዬ አልጋው ላይ ነበር። ወንድም ጋሼ ኮቱን አውልቆ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል፣

"ተወኝ" አለው።

ወደ ጎኑ ዞረ። እግሮቹን አወረደ። በቀኝ እጁ ገፍቶ ተቀመጠ። አረፈ... ወንድም ጋሼ እኔን ያየኛል፣ እኔ አባዬን። ከዚያ ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል አደረገና፣ ረጅም ትንፋሽ አስወጥቶ ቆመ። እኔ ክርኑን በሁለት ጣት ብቻ ነክቼው ነበር። ሦስት እርምጃ፣ መዞር፣ ወንበር።

ወንድም ጋሼ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ቆየ። ሲመለስ ፎርሙን አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተውና "ያቺ ሴትዮ ከሥራ በኋላም ታስተምራለች?" አለኝ። "እኔንም ወገቤን ያመኛል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባዬ ይሄን ሁሉ አልሰማም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

"ፀሐይ ወጥቷል" አለ። "ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጡልኝ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።"