ጥርስ ለሚያረግፈው አዲሱ ዘፈንዎ ከኮልፌ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አንጋፋ ድምፃዊ ሚሊዮን ቀጄላ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉሮሮዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ከሁሉም በላይ ጥርስዎ በያሉበት ደህና እንዲሆኑ የምንመኘው ከልባችን ነው። ይህን ምኞት የምናቀርብልዎት የራሳችንን ጥርስ ከወለል ላይ በመጥረጊያ የሰበሰብን የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች መሆናችንን ሲረዱ፣ ፍቅራችን ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ አይጠፋዎትም።

እኔ ጉተማ እባላለሁ። ከአራተኛ ክፍል በኋላ አስተማሪዎቼ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣና የእርስዎ የካሴት ሽፋን ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ግጥሙ በደቃቅ ፊደል ይታተም ስለነበር እሱን እየቆጠርኩ ማንበብ ለመድኩ፤ ስለዚህ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያበቁኝ እርስዎ ነዎትና ከዚህ በታች የሚያገኙትን ሁሉ የራስዎ ዘር ፍሬ አድርገው እንዲቀበሉልኝ እለምናለሁ። ውድ ጊዜዎን ላለማባከንም ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግጥሙ። ድሮ በዘፈንዎ ውስጥ አንድ ጎረምሳ የሚወዳት ልጅ ደጃፍ ላይ ይቆምና፣

ደጃፍሽ ላይ ቆሜ ዝናቡ ሲመታኝ፣
ጣራሽ አለቀሰ፣ አንቺ አላየሽኝ።

ይል ነበር። ያን ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ሳል ያልያዘው ጎረምሳ አልነበረም፤ ሁሉም በየደጃፉ ቆሞ ይበሰብስ ነበርና። እንግዲህ በእርስዎ ዘፈን ምክንያት የደረሰብን ትልቁ ጉዳት የሳንባ ምች ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ ግን እድገት አሳይተው እንዲህ ብለውናል፦

አርግፈው ጥርሱን፣ አርግፈው፣
ያየህን ሁሉ አትለፈው፣
አርግፈው!

ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ «አርግፈው» ስለሆነ ለወረቀቱ አዝኜ አላራዘምኩትም። ሰፈርተኛው «ጋሽ ሚሊዮን ግጥም አልቆበታል» እያለ ሲያማዎት፣ እኔ ግን «አላለቀበትም፤ ኑሮ ስለተወደደ ቃል እየቆጠበ ነው» እያልኩ ስከራከርልዎ መሰንበቴን ይወቁልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ክሊፑ። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የብረት ዱላ በትከሻዎ ይዘው፣ መኪና ጣራ ላይ ወጥተው ሲፎክሩ አይተናል። ዱላውን ወደ ላይ ሲያነሱ በግራ እጅዎ ወገብዎን የያዙባትን ቦታ ግን ክሊፑን የቀረጹት ልጆች ቆርጠው ሊያወጧት ይገባ ነበር። በእርስዎ ዕድሜ ያለን ሰዎች ወዲያው ነው ያየናት፤ አንጀታችንንም በልታናለች።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የጸጉርዎን ቀለም የሚመለከት ነበር፤ ባለቤቴ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ አታዋርድ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ጥርሱ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ያደሳ የእህቴ የዋጋነሽ ልጅ ነው፤ ሴራሚክ ያነጥፋል። ሰይፈዲን የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘይነባ ልጅ ሲሆን ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ረዳት ነው፤ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ብሎ ሲጣራ አስኮ ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው ሳይቀር ኪሱን ይዳብስ ነበር። ሁለቱ ልጆች አንድ ግድግዳ ተጋርተው፣ የአንዱን በዓል ሌላው እየጠበቀ፣ የእርስዎንም ዘፈን ከእኔ ቤት ቴፕ እየሰሙ ነው ያደጉት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ዘር አላጣላቸውም፣ ሃይማኖት አላጣላቸውም፣ ኳስ እንኳ፣ ያ ክፉ ነገር፣ አላጣላቸውም። እርስዎ ግን በአንድ ዘፈን ተሳክቶልዎታል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀላል ፑል ቤት ውስጥ ነው። ጀላል አዲሱን ዘፈን በትልቁ ስፒከር ከፍቶት ነበርና ክርክሩ ተነሣ። ያደሳ የፑሉን ዱላ ተደግፎ «እኔ አላምንም፤ ድምፁን በኮምፒውተር ሰርቀው ነው እንጂ ጋሽ ሚሊዮን ከአፉ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም» አለ። ሰይፈዲንም እየሳቀ «ራሱ ነው ባክህ! ሰውዬው አርጅቶ ነው፤ ያንተ አያትስ ሲያረጁ ዶሮ ሁሉ ይሰድቡ አልነበር?» አለው። «አርጅቷል ካልክ ሰደብከው!» «ሰው ሠራሽ ነው ካልክ ደግሞ አንተ ገደልከው!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብ ይበሉልኝ፣ ሁለቱም የሚሟገቱት ለእርስዎ ነበር፤ አንዱ ክብርዎን፣ ሌላው በሕይወት መኖርዎን እየተከላከለ።

ይሁንና ሰይፈዲን ስልኩን አወጣና እርስዎ ቃለ መጠይቅ ላይ ደረትዎን ነፍተው «ግጥሙም ዜማውም የራሴ ነው፤ እንዲያውም ያለ ዕረፍት በአንድ ጉዞ፣ መኪና ውስጥ ነው የጻፍኩት» ያሉበትን ከፍቶ አፍንጫው ሥር ደቀነበት። ያደሳ አይቶ የፑሉን ዱላ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሰይፈዲን ያን ጊዜ ቢበቃው ጥሩ ነበር፤ ግን ልጅነት ነውና «አሁንስ? ሂድና ጣራው ሥር አልቅስ!» አለው። እንደ ክፉ አጋጣሚ ስፒከሩ አዝማቹ ላይ ደርሶ ነበርና፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የተወደደውም የተጠላውም ዘፈን ምላስ ላይ መጣበቁ አይቀርምና፣ በአንድ ድምፅ «አርግፈው!» ብሎ ተቀበለ። ዱላውም በዚያው ምት ላይ፣ ያለ አንዳች የሪትም ስሕተት፣ ሰይፈዲን አፍ ላይ አረፈ።

የተሰማውን ድምፅ ልገልጽልዎት አልችልም፤ ደረቅ የሸንበቆ አጥር ላይ በሬ ሲገባ ሰምተው ከሆነ ወደዚያ ይጠጋል። ጥርሶቹ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ከኳሶቹ መሀል ተበተኑ፤ አንዷም ተንከባልላ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ደሙን ያዩት የሰይፈዲን ወዳጆች ያደሳ ላይ ወደቁ፤ የያደሳ ወዳጆች በእነሱ ላይ ወደቁ። ወንበር በራስ ቅል ላይ ተሰበረ፣ ኳስ በጎድን ላይ ተወረወረ፣ አንዱ የሌላውን ጆሮ ነክሶ አልለቅም አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ያልተሰበረ ነገር ቢኖር ስፒከሩ ብቻ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ሲወድቅ እርስዎ ከላይ ሆነው እስከ መጨረሻው አዘፍነዋቸዋል። እኔና ጀላል ገብተን ሶኬቱን እስክንነቅልዎት ድረስ አልደከሙም። «ድምፁ ሳስቷል» የሚሉዎት ሰዎች እንግዲህ አላዋቂዎች ናቸው።

ስለዚህ የእርስዎን ግጥም ከሁሉ አጥብቆ የተቃወመው ልጅ ግጥሙን ቃል በቃል በመፈጸም ቀዳሚው ሆኗል። ያደሳ አሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው። ስሄድ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ እያገላበጠ ያያል። ሰይፈዲን ሐኪም ቤት ተኝቷል፤ መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ ሾርባ በስትሮ ይስባል። ጦር ኃይሎች ላይ የእሱ ታክሲ አሁን በዝምታ ነው የሚሞላው።

አምስተኛና ዋናው፤ ስለ ቅዳሜ። ክቡርነትዎ በሰፈራችን ሜዳ ላይ ኮንሰርት እንደሚያቀርቡ በየግድግዳው ተለጥፏል። የሰይፈዲን ታናሽ ወንድም ኑሕ ከጓደኞቹ ጋር ትኬት ቆርጧል። ከያደሳ ጋር የሚሠሩት ሴራሚክ አንጣፊዎችም ቆርጠዋል። ሁለቱም ወገን ደግሞ ዱላ ቆርጧል። ባለፈው ሐሙስ የእህቴ መስኮት በድንጋይ ወርዷል፣ በማግሥቱ የኑሕ ጓደኛ ክንዱ ተሰብሯል፤ ይህ ሁሉ ግን ማሟሟቂያ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው አይሸሽጉም። ኑሕን ለምኜው ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን አዝማቹ ሲመጣ ያን ጊዜ እንተያያለን» ነው ያለኝ። ቅዳሜ መቼ እንደሚጀመር የሚያስታውቀው እንግዲህ የእርስዎ አፍ ነው። በሀገራችን ይህን ያህል ሥልጣን የተሰጠው ዘፋኝ ከዚህ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም።

እኛ ሽማግሌዎች ዝም አላልንም። እንደሚያውቁት፣ በእኛ ዘንድ በዳይ ለዕርቅ ሲቀርብ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳይ ፊት ይቆማል፤ ተበዳይም ይቅር ሲለው ድንጋዩን ያወርድለታል። የያደሳን ድንጋይ አዘጋጅተን፣ ፖሊሶቹም አብረውት ሊያመጡት ፈቅደው፣ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንድ ሄድን። ሴትዮዋም እንዲህ አለችን፦ «ያደሳ እጅ ነው። ያን እጅ እኔ ነኝ አጥቤ ያበላሁት፤ እጁን ዛሬም ይቅር እለዋለሁ። አፉ የት አለ? አፉን ሳታመጡ አትምጡብኝ።»

ስለዚህ ሁለተኛ ድንጋይ ማዘጋጀት ግድ ሆነብን። የእርስዎን እንድመርጥ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ ክሊፑ ላይ ያየሁትን ወገብ አስቤ፣ ከወንዝ ዳር ለስላሳና መጠነኛ የሆነውን፣ አንገት የማይቆረቁረውን አንሥቻለሁ። ለሥራ አስኪያጅዎም ደውለን ነበር። «ጥበብ ነው፣ ሕዝቡ በምሳሌነቱ ይረዳው፤ አርቲስቱ በሰዎች ጠብ አይጠየቅም» የሚል የተማረ መልስ ሰጥቶናል። ይህን ለሰይፈዲን ነግሬው ሊስቅ ሲል ሽቦው ድዱን ቀደደው። ሥራ አስኪያጅዎ ተጫዋች ሰው ስለሆነ እባክዎን ወደ ሐኪም ቤቱ እንዳይደውል ይንገሩልኝ።

ልመናዬ አጭር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጡ። ከያደሳ ጎን ቆመው ድንጋይዎን ተሸክመው ወይዘሮ ዘይነባ ፊት አንገትዎን ይድፉ፤ ሴትዮዋ ቃሏን የምታጥፍ አይደለችምና ታወርድልዎታለች፤ ኑሕም እናቱ ካወረደች ዱላውን ይጥላል። ይህ ከክብርዎ በታች ከሆነ ደግሞ፣ ቅዳሜ ያን አንድ ዘፈን ይዝለሉት። በምትኩ ዝም ብለው ቢቆሙም እናጨበጭባለን። ሁለቱም ካልሆነልዎ፣ መድረኩን ከፍ አድርገው ያሠሩ፤ ከሥር የሚፈሰው ነገር ጫማዎን እንዳያበላሽብዎ እሰጋለሁ።

ፊደል ስላስቆጠሩኝ፣ ወጣትነቴን በዝናብ ስላራሱልኝ፣ እርጅናዬንም በደም ስላጨቀዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዓርብ ድንጋዩን አጥቤ በር ላይ እየጠበቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ማለት ለእኔም ለእርስዎም ቀላል በማይሆንበት በዚህ ዕድሜ፣ እጅ እነሣለሁ።

የድሮ አድናቂዎ፣ የእጁ አጎት፣ የአፉ ተማሪ
ጉተማ
ከኮልፌ ቀራንዮ

ተጨማሪ፤ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ከቢሮዎ አንድ ሞተረኛ መጥቶ የእርስዎ ፊርማ ያለባቸው ሁለት ነጭ ካናቴራዎች፣ አንድ ለያደሳ አንድ ለሰይፈዲን፣ «ለተጎዱት ማስታወሻ» ብሎ አስረከበኝ። ደረታቸው ላይ በቀይ «አርግፈው» ተብሎ ታትሞባቸዋል። ወይዘሮ ዘይነባ የሰይፈዲንን ወስዳ የሚደማውን አገጩን ጠርጋበታለች፤ ጥጡ ምርጥ ነው፣ ደም በደንብ ይመጥጣል። የያደሳን ለመለወጫ አስቀምጠነዋል። ዓርብ የማይመጡ ከሆነ ግን ለቅዳሜ ሁለቱ ስለማይበቁን፣ በልክ በልኩ፣ የሕፃናቱንም ጨምረው በኩንታል እንዲልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።