የአባባ ሽቦና ሰማያዊው ውሃ

ማክሰኞ
መለሰው። ደብረ ታቦር ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ የአባባን የመስሚያ መሣሪያ እንዳለ በአውቶቡስ መለሰው። ውስጡ የተበጠሰው ሽቦ ከፀጉር ይቀጥናል፤ “ብየዳ ካስጠጋሁበት አጠገቡ ያለው ሁሉ ይቀልጣል” ብሏል። አባባ አልተከፉም። “እንግዲያው እሁድ ወንበሬን ለደቀ መዝሙሬ ለመርሻ አስረክባለሁ። የማይሰማ መምህር ምን ያርማል?” አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ ሰው! እኔ ግን ከፋኝ። ክፍል ውስጥ ቁልፍ መዳብ እያለበስኩ የማሳይ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ሁለት የሽቦ ጫፎችን መዳብ አልብሼ ማያያዝ ያቅተኛል?

ረቡዕ
ከትምህርት ቤት መዳብ የሚያለብሰውን ሰማያዊ ጨው፣ ኮፐር ሰልፌት፣ ከነብርጭቆው ወሰድኩ። ዳይሬክተሩ “ጓድ፣ ብርጭቆውን ግን መልሺ” ብቻ አለኝ። ጨውን ውሃ ውስጥ አሟሟሁት፤ የሽቦውን ጫፎች አነካክቼ ከባትሪዎች ጋር አገናኘኋቸውና ነከርኳቸው። ከጫፎቹ ሌላ ያለውን ክፍል ውሃው እንዳይነካው ሰም መለጠፍ ነበረብኝ፤ አባባ ጧፍ ሰጡኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። ቤታችን ውሃ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ምሳ ረስቼ ሳየው ዋልኩ።

ሐሙስ
ጥቁር። መዳቡ ጫፎቹ ላይ እንደ ጥላሸት ተለጥፎ፣ ስነካው ረገፈ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ እህል ይወራል፣ እኔ ስለ ሽቦ አስባለሁ። እዚያው ተቀምጬ ገባኝ። ባትሪዎቹን ለሬዲዮ እንደለመድነው ጉልበት እንዲያገኙ ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ነበር። አገኙ፤ መዳቡን አጣደፉት። ቀስ ብሎ መያዝ ነበረበት። ሞኝ ነኝ።

ዓርብ
ልጥለው ያስቀመጥኩትን የደከመ ባትሪ አወጣሁ። ሬዲዮ አያስነሳም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስላልነበረኝ ብርጭቆው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አባባ ከጎኔ ዳዊት ይደግማሉ። አሸለበኝ። በሕልሜ ዜማቸው ከሰማያዊው ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ እንዳይፈስ በእጄ እቀበለዋለሁ። ስነቃ ጫፎቹ ላይ ስስ ቀይ ነገር አየሁ። እንዳልነካው እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁ።

ቅዳሜ
ያዘ። ሳብ አደረግኩት፣ አልለቀቀም። ሰሙን ፍቄ ገጣጠምኩትና ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ደጅ መርሻ ለነገ ሲለማመድ ያዜማል። አባባ ወደ በሩ ዞር አሉና፣ “መርሻ፣ ተሳሳትህ። ከላይ ጀምር” አሉ።

መዳቡ እስከ መቼ እንደሚይዝ አላውቅም። ነገ ወንበሩን ያስረክቡ እንደሆነም አልጠየቅኳቸውም። ይህን ስጽፍ መርሻን አሁንም እያስደገሙት ነው፤ እሱም እየሳቀ ይደግማል።